በፒቱታሪ አካባቢ ያለ እብጠት፦ ኤምአርአይ ምንነቱን የሚለየው እንዴት ነው?

የፒቱታሪ ዕጢ መጠኗ ከአተር ፍሬ ብዙም አይበልጥም። ከአፍንጫ በስተኋላ፣ ከአንጎል ሥር፣ ኮርቻ በሚመስል የራስ ቅል አጥንት ውስጥ ተቀምጣ እድገትን፣ የወር አበባን፣ የጡት ወተትንና የሰውነትን የውኃ ሚዛን የሚመሩ ሆርሞኖችን ወደ ደም ትለቃለች። በላይዋ የሁለቱ ዓይኖች ነርቮች ይገናኛሉ፤ በግራና በቀኟ ለአንጎል ደም የሚያደርሱ ትልልቅ የደም ሥሮች ያልፋሉ። በአማርኛ «ዕጢ» የሚለው ቃል ጤናማውን አካልም በሽታውንም ስለሚጠራ፣ ብዙ ሰው ስሟን ሲሰማ ይደነግጣል። ይሁንና ያለ እርሷ የተፈጠረ ሰው የለም ማለት ይቻላል። በዚህ ጽሑፍ በሽታው «እብጠት» ተብሏል።

እብጠቱ አድጎ የዓይን ነርቮችን ሲጫን በሽተኛው በግራና በቀኝ ዳር ያለውን ነገር ማየት ይሳነዋል። ምልክቱ አንድ ቢሆንም መንስኤው ብዙ ነው፤ አንዱ በእንክብል ይኮማተራል፣ ሌላው ቀዶ ሕክምና ይሻል፣ አንዳንዱን ደግሞ ምንነቱን ሳያውቁ መንካት ሕይወት ያሳጣል።

ኤምአርአይ በብርቱ ማግኔትና በሬዲዮ ሞገድ አማካይነት በሰውነት ውኃና ስብ ውስጥ ካለው ሃይድሮጂን የሚመጣውን ምልክት ወደ ምስል ይለውጣል። ምስሉን የሚያነብበው ሐኪም በቅድሚያ የሚፈልገው ጤናማዋን ዕጢ ነው። እብጠቱ ከእርሷ ሊለይ ካልቻለ፣ ከራሷ የበቀለው አዴኖማ መሆኑ ይገመታል፤ በአካባቢው በብዛት የሚገኘውም ይኸው ነው። ዕጢዋ ከሥር ሳትነካ ከታየች ግን ጥርጣሬው ወደ ሌሎቹ ያዘነብላል።

ከ10 ሚሊ ሜትር በታች የሆነ አዴኖማ በቀላሉ አይታይም። ስለዚህ ጋዶሊኒየም ያለበት መድኃኒት በደም ሥር ተሰጥቶ በተከታታይ ምስል ይነሣል። ጤናማዋ ዕጢ ፈጥና ስትደምቅ አዴኖማው ይዘገያልና፣ ለጥቂት ጊዜ ጠቆር ብሎ ይጋለጣል። ትልቁ አዴኖማ ደግሞ በላይዋ በተዘረጋው ሽፋን ጠባብ ቀዳዳ አልፎ ሲወጣ፣ ወገቡ እንደ ቀጠነ ቅል ይመስላል።

ከአንጎል ሽፋን የሚነሣው ሜኒንጂዮማ ግን ወጥ ሆኖ ይደምቃል፤ ብዙ ጊዜም በሽፋኑ ላይ እንደ ጅራት የቀጠነ መስመር ያስከትላል። ክራኒዮፋሪንጂዮማ በሕፃናትም በጎልማሶችም ይታያል፤ ፈሳሽ የያዙ ከረጢቶችና ጠጣር ክፍል ይቀላቀሉበታል። በውስጡ የሚጠራቀመውን ካልሲየም ለማየት ሲቲ ስካን ይሻላል።

እጅግ የሚያሰጋው የደም ሥር ግድግዳ ሳስቶ የሚነፋበት አኑሪዝም ነው። በፍጥነት የሚፈስ ደም በብዙዎቹ የኤምአርአይ ምስሎች ምልክት ስለማይሰጥ ጥቁር ሆኖ ይታያል። ይህ ጥቁረት ችላ ተብሎ በአፍንጫ በኩል ቀዶ ሕክምና ቢጀመር ለማቆም የሚያስቸግር ደም ሊፈስ ስለሚችል፣ ሐኪሙ አስቀድሞ የደም ሥር ምስል ያዝዛል።

ምስል ብቻውን የማይፈታው ጥያቄም አለ። ፕሮላክቲን የሚያመነጭ አዴኖማ በምስል ከሌላው አዴኖማ ጋር ሊመሳሰል ይችላል፤ ሕክምናው ግን አብዛኛውን ጊዜ እንደ ካበርጎሊን ያለ እንክብል ነው። ስለዚህ የደም ምርመራው ውጤት ሳይታይ ስለ ቀዶ ሕክምና አይወሰንም።