ከመማሪያ ክፍል ወደ ታካሚው ደጅ፦ የፊዚዮቴራፒ ተማሪ ለሥራ የሚበቃው እንዴት ነው?

ገንዳ ውኃ፦ በመተማና በአካባቢው ቆላማ ወረዳዎች የሰሊጥ አጨዳ ሲደርስ ፋታ አይሰጥም። ሰሊጡ ከደረሰ በኋላ ጥቂት ቀናት ቢዘገይ ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል። በመኾኑም ነዋሪው አርሶ አደርና ከደጋው የሚወርዱት የቀን ሠራተኞች ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብለው ያጭዳሉ፤ ነዶ ያስራሉ፤ ሂላ ያቆማሉ፤ ከዚያም ኩንታሉን በትከሻቸው ተሸክመው መኪና ላይ ይጭናሉ። ወቅቱ ሲያልፍ ምርቱ ወደ ገበያ ይሄዳል፤ የወገብ ሕመሙ፣ ወለምታውና ስብራቱ ግን ከሰው ጋር ይቀራል።

የተጎዳ ሰው ብዙ ጊዜ በቅድሚያ የሚወሰደው ወደ ወጌሻ ነው። ሌላው ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ገንዳ ውኃ ወደሚገኘው የመተማ ሆስፒታል ይሄዳል። ጉዳቱ የከፋበት ደግሞ ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ጎንደር ይደርሳል። አጥንቱ ከገጠመ በኋላ ግን ሌላ ሥራ ይቀራል። የደረቀው ክንድ ዳግም ማጭድ እንዲይዝ፣ የሰለለው እግር ዳግም እርሻ እንዲወጣ ማድረግ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ድርሻ ነው። ይህ ባለሙያ ብዙ ጊዜ በቅርቡ የተመረቀ ወጣት ነው። የታካሚው ዕጣም ወጣቱ ለሥራው በተዘጋጀበት መጠን ይወሰናል።

ሙያው ምንድን ነው?

ፊዚዮቴራፒ በእንቅስቃሴ፣ በእጅ በሚሰጥ ሕክምና እና በምክር የሰውነትን የመንቀሳቀስ አቅም የሚመልስ የጤና ሙያ ነው። በሌሎች አገሮች ለዚህ ቅርብ የኾነ ኦስቲዮፓቲ የሚባል ሙያም አለ። ኦስቲዮፓቲን እ.ኤ.አ. በ1874 የጀመረው አንድሩ ቴይለር ስቲል የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ሲኾን የመጀመሪያው ትምህርት ቤት በ1892 በሚዙሪ ግዛት ኪርክስቪል ከተማ ተከፍቷል። በብሪታኒያ ሙያው እ.ኤ.አ. በ1993 በወጣ ሕግ ይተዳደራል። በዚያ አብዛኞቹ ኦስቲዮፓቶች በግል ስለሚሠሩ አዲሱ ምሩቅ አስተማሪው አጠገቡ ሳይኖር ብቻውን ውሳኔ መስጠት ይጠበቅበታል።

በእኛም አገር ሁኔታው ተመሳሳይ ገጽ አለው። ወደ ወረዳ ሆስፒታል የሚመደብ የፊዚዮቴራፒ ምሩቅ በክፍሉ ብቸኛው ባለሙያ ሊኾን ይችላል። ከእርሱ የሚቀድም፣ ስህተቱን የሚያርም ሰው በዚያ ላይኖር ይችላል።

የጎንደር ልምድ

የጎንደር ዩኒቨርሲቲ በ1947 ዓ.ም የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ኾኖ ሲመሠረት ዓላማው ለገጠሩ ሕዝብ የሚደርሱ የጤና ባለሙያዎችን ማፍራት ነበር። የተለያየ ሙያ ተማሪዎች በቡድን ኾነው ወደ ወረዳዎች ወጥተው፣ በዚያው እየኖሩ ኅብረተሰቡን የሚያገለግሉበት ሥልጠና የተቋሙ መለያ ኾኖ ቆይቷል። የፊዚዮቴራፒ ትምህርትም በዚሁ ዩኒቨርሲቲ በ1990ዎቹ ዓ.ም በዲግሪ ደረጃ ተጀምሯል።

የዚህ ልምድ ፍሬ ነገር ለአርሶ አደር እንግዳ አይደለም። በችግኝ ጣቢያ ያደገ ችግኝ በአንድ ጊዜ ወደ ጠራራ ፀሐይ አይወጣም። ጥላው ቀስ በቀስ ይነሣለታል፤ ውኃው ይቀነስበታል፤ መስኩን ከለመደ በኋላ ይተከላል። ተማሪም እንዲሁ ነው። መጀመሪያ እርስ በርስ የጓደኛውን መገጣጠሚያ እየዳሰሰ ይማራል። ቀጥሎ መምህሩ እያየው ታካሚ ይመረምራል። ከዚያ ራሱ ወስኖ ለመምህሩ ምክንያቱን ያስረዳል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 ለኦስቲዮፓቲ ሥልጠና ባወጣው መለኪያ፣ ቀድሞ የጤና ትምህርት የሌለው ሰው ወደ 4 ሺህ 200 ሰዓታት ሊሠለጥን እንደሚገባ አመላክቷል። ከዚህ ውስጥ ቢያንስ 1 ሺህ ሰዓታት በባለሙያ ክትትል ታካሚን በማከም የሚያልፉ ናቸው።

ከ2015 ዓ.ም ጀምሮ በአገሪቱ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ለመመረቅ የመውጫ ፈተና ማለፍ ይጠበቅባቸዋል። የጤና ባለሙያ ደግሞ ሥራ ለመጀመር የሙያ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ኾኖም ፈተናና ፈቃድ የመነሻ ልክ ናቸው፤ ከታካሚ ጋር መሥራትን አይተኩም።

ወረቀት ላይ የማይገኘው ዝግጅት

አንደኛው የራስን ወሰን ማወቅ ነው። በቆላው የሚታይ የወገብ ሕመም ሁሉ ከሸክም የሚመጣ አይደለም። የአከርካሪ አጥንት ቲቢ ወገብን ያሳምማል። ያልተፈላ ወተት ከሚጠጡና ከከብት ጋር በቅርብ ከሚውሉ ሰዎች ዘንድ የሚገኘው ብሩሴሎሲስም ትኩሳት፣ የወገብና የመገጣጠሚያ ሕመም ያስከትላል። እነዚህን በማሸት ማዳን አይቻልም። ስለዚህ ተማሪው ከማከሙ በፊት ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና የክብደት መቀነስ መኖሩን መጠየቅ፣ ጥርጣሬ ካለውም ሳያፍር ወደ ሐኪም መላክ መልመድ አለበት።

ሁለተኛው ለታካሚው ኑሮ የሚስማማ ምክር መስጠት ነው። በአጨዳ ወቅት ለሚሠራ የቀን ሠራተኛ “ስድስት ሳምንት ዕረፍ” ማለት እንጀራውን ተው ማለት ነው። ይልቁንም ጉልበትን አጥፎ፣ ሸክሙን ወደ ደረት አስጠግቶ ማንሣትን፣ ኩንታሉን ለሁለት መያዝን፣ በየመሐሉ ቀና ብሎ መንጠራራትን ማሳየት ይጠቅመዋል። በጠረፉ አማርኛ፣ ጉምዝኛና ዐረብኛ የሚናገሩ ሰዎች ይገናኛሉ። እ.ኤ.አ. በ2023 በሱዳን ጦርነት ከተቀሰቀሰ ወዲህም በመተማ በኩል ብዙ ስደተኞች ገብተዋል። “የት ያምሃል? መቼ ጀመረህ?” ብሎ በታካሚው ቋንቋ መጠየቅ ወይም በአስተርጓሚ በአግባቡ መጠቀም የሕክምናው አካል ነው።

ሦስተኛው ከወጌሻ ጋር መሥራት ነው። ወጌሻ በመንደሩ የታመነ፣ እጁም ብዙ ያየ ሰው ነው። ይሁን እንጂ የተሰበረ እጅ ወይም እግር ከልክ በላይ ጠብቆ ሲታሰር ደም መተላለፊያ ያጣል፤ ሥጋው ይሞታል፤ መጨረሻውም መቆረጥ ሊኾን ይችላል። ወጌሻን የሚንቅ ምሩቅ ታካሚው ተደብቆ እንዲታሰር ያደርጋል። ወጌሻን አክብሮ አደጋውን የሚያስረዳ ግን የታሰረው እጅ ሳይጠቁር ወደ ጤና ተቋም እንዲመጣ መንገድ ይከፍታል።

የመጀመሪያው ዓመት

አዲስ ባለሙያ በመጀመሪያው ዓመት ብቻውን መተው የለበትም። ከመመደቡ በፊት የሚያማክረውን ቀዳሚ ባለሙያ ስልክ መያዝ፣ የእያንዳንዱን ታካሚ ለውጥ መመዝገብ፣ ያልተሻለውንም ለምን እንዳልተሻለ መጠየቅ ይኖርበታል። ተቋማት ደግሞ ለክፍሉ አልጋ፣ የመለማመጃ ዕቃና ጊዜ ሊመድቡለት ይገባል።

ኅብረተሰቡ ሊያውቅ የሚገባው

የታሰረ እጅ ወይም እግር ጣቱ ከቀዘቀዘ፣ ከደነዘዘ፣ ከጠቆረ ወይም ሕመሙ እየበረታ ከሄደ ማሰሪያውን ወዲያው ማላላትና ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል። አጥንት ቆዳን ከቀደደም እንዲሁ። የወገብ ሕመም ከእግር መስነፍ ወይም ሽንትን መቆጣጠር ካለመቻል ጋር ከመጣ አስቸኳይ ነው። በታዘዘው እንቅስቃሴ መቀጠል የታካሚውና የቤተሰቡ ድርሻ ነው፤ ባለሙያው መንገዱን ቢያሳይም በየዕለቱ የሚሠራው ታካሚው ነውና።

በመምህሩ ክትትል የሚማር ተማሪ ሊያክመን ሲቀርብ ታግሰን ብንቀበለው ነገ በቀበሌያችን ብቻውን ቆሞ የሚያክመውን ባለሙያ አብረን አዘጋጀን ማለት ነው።