የቨርቹዋል ሰርቨሮች የሥልጣን ክፍተትና የመሥሪያ ቤቶች ጥንቃቄ

አዲስ አበባ፦ በአንድ ኮምፒውተር ላይ በርካታ ሰርቨሮችን በተናጠል ለማሠራት የሚያስችለው የቨርቹዋላይዜሽን ቴክኖሎጂ የመሣሪያ ወጪን ይቀንሳል። ይሁንና በአስተዳዳሪነት ሥልጣን አሰጣጡ ላይ ክፍተት ከተፈጠረ የመሥሪያ ቤቱ መረጃ በሙሉ ለአደጋ ይጋለጣል።

ማይክሮሶፍት ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም ይፋ ባደረገው መረጃ፣ የቪኤምዌር ኢኤስኤክስአይ ሶፍትዌር ከተቋሙ የተጠቃሚዎች መዝገብ ጋር ሲገናኝ «ኢኤስኤክስ አድሚንስ» የሚል ስም ላለው ቡድን ማን እንዳቋቋመው ሳያጣራ ሙሉ ሥልጣን ይሰጥ እንደነበር አመልክቷል። በመሆኑም በመዝገቡ ላይ ቡድን የመመሥረት ፈቃድ ያገኘ ሰርጎ ገብ፣ በዚሁ ስም ቡድን በመፍጠር ብቻ ሰርቨሮቹን መቆጣጠር ይችላል። ገንዘብ ካልተከፈላቸው ፋይል የማይከፍቱ ወንጀለኞችም በዚሁ መንገድ መጠቀማቸው ታውቋል።

አምራቹ ለ8ኛው እትም ማስተካከያውን ሰኔ 18 ቀን 2016 ዓ.ም ያወጣ ሲሆን፣ ለ7ኛው እትም ግን አላዘጋጀም።

ስለሆነም ከሜክሲኮ አደባባይ እስከ ክልል ከተሞች ድረስ ሶፍትዌሩን የሚጠቀሙ መሥሪያ ቤቶች እትሙን ማሻሻል፣ በተጠቀሰው ስም ያልታወቀ ቡድን አለመኖሩን ማረጋገጥና የመረጃ ቅጂን ከመረቡ ውጪ ማስቀመጥ ይገባቸዋል። ያለ ሹመት ደብዳቤ ሥልጣን እንደማይያዝ ሁሉ፣ በሰርቨር ላይም ሥልጣን በስም ብቻ እንዳይሰጥ መቆጣጠር ለባለሙያ ብቻ የሚተው ሳይሆን የኃላፊዎችም ተግባር ነው።