የጅዳ ወደብ ጦርነትና ሥዕሉ



ጅዳ ሲባል በወልድያ፣ በመርሳና በመላው ሀብሩ የማያውቃት ቤተሰብ ጥቂት ነው። ሑጃጆቻችን የሚያርፉባት፣ ልጆቻችንም እንጀራ ፍለጋ የሚሄዱባት ከተማ ናት። ዛሬ የምንመለከተው በዚህችው ወደብ የዛሬ 500 ዓመት ገደማ የተካሄደውን የባሕር ጦርነትና እርሱን የሚያሳየውን ሥዕል ነው።

ሥዕሉ ያለው ጋስፓር ኮሬያ የተባለ ፖርቱጋላዊ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ባዘጋጀው የታሪክ መጽሐፍ ውስጥ ነው። ሰውየው በህንድ ረጅም ዘመን የኖረ ጸሐፊ ነበር። በሥዕሉ ላይ ከተማይቱ ከነግንቧ፣ ከፊቷም በባሕሩ ላይ መርከቦች ይታያሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፖርቱጋሎች የቅመም ንግዱን ለብቻቸው ለማድረግ ቀይ ባሕርን መዝጋት ይፈልጉ ነበር። ጅዳ ደግሞ የመካ በር ናት። ስለዚህ የግብጹ ሱልጣን ቃንሱህ አል-ገውሪ አሚር ሑሰይን አል-ኩርዲን ልኮ ከተማይቱን በግንብ አሳጠራት። እ.ኤ.አ. በ1517 (923 ዓመተ ሂጅራ) ሎፖ ሶዋሬስ ከ30 በላይ መርከቦች አሰልፎ መጣ። በዚያው ዓመት መግቢያ ላይ ካይሮ በኦቶማኖች እጅ ወድቃ ስለነበር ከዚያ ፈጥኖ የሚደርስ እርዳታ አልነበረም። መከላከሉን የመራው ሰልማን ረኢስ የተባለ የባሕር አዛዥ ነው። የወደቡ መግቢያ ግራና ቀኙ የባሕር ውስጥ ዐለት የሆነ ጠባብ መንገድ በመሆኑ ትላልቆቹ መርከቦች እንደልብ መጠጋት አልቻሉም፤ የሰልማን መድፎችም አላስጠጓቸውም። ፖርቱጋሎቹ ከተማይቱን ሳይዙ ተመለሱ። በከመራን ደሴት ሲቆዩም ረሃብ፣ ጥምና በሽታ ብዙዎቹን ፈጃቸው።

ጉዳዩ አገራችንንም ይነካል። ከመርከቦቹ ጋር ንግሥት እሌኒ ወደ ፖርቱጋል የላከችው መልእክተኛ ማቴዎስና ወደ ኢትዮጵያ የተሾመው አምባሳደር ዱዋርቴ ጋልቫኦ ነበሩ። ጋልቫኦ ከመራን ላይ ሞተ፤ ማቴዎስም ምጽዋ የደረሰው በ1520 ነው። መርከቦቹ ከቀይ ባሕር ሲወጡ ዘይላን አቃጠሉ። ጅዳ ላይ የከሸፈው ቁጣ በዘይላ ላይ ወረደ ማለት ነው።

ታዲያ ሥዕሉን እንዴት እንየው? ሥዕሉ ምስክር ነው። ኮሬያ የወገኑን ያልተሳካ ዘመቻ ሳይደብቅ ማስቀመጡም ያስመሰግነዋል። ይሁን እንጂ ምስክርነቱ የአንድ ወገን ነው፤ ከግንቡ ውስጥ የነበሩት እናቶችና ሕፃናት ምን እንዳሳለፉ ከእርሱ አንጠብቅም። በአገራችን የዓድዋ ሥዕሎችም እንዲሁ ነው፤ በልማዱ ወገን በሙሉ ፊቱ፣ ጠላት ግን በጎኑ ይሳላል።

ይህ የድሮ ታሪክ ብቻ አይደለም። በ2013 መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ወልድያንና መርሳን ሲያዳርስ፣ ጅዳ ያሉ ልጆቻችን የወላጆቻቸውን ሁኔታ ለማወቅ ዓይናቸው ስልክ ላይ ነበር። እንዲህ ባለ ሰዓት የሌላ አገር ወይም የሌላ ዘመን ምስል «የእናንተ ከተማ ነው» ተብሎ ቢላክ እናትን በድንጋጤ ይጥላል፤ ጎረቤትንም ከጎረቤት ያጣላል። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል ሑጁራት ቁጥር 6 ወሬ ሲመጣልን እንድናጣራ ያዘዘን ባለማወቅ ሕዝብን ጎድተን በኋላ እንዳንጸጸት ነው። ምስልም ወሬ ነው።

ስለዚህ ቤተሰብ ሁሉ ምስል ሲደርሰው ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ ማን ሠራው? የት ቆሞ ነው ያየው? ያላሳየንስ ማንን ነው? መልሱ እስኪገኝ ለሌላ ሰው አናስተላልፍ። ልጆቻችንንም ይህን እናስለምዳቸው።

አላህ አገራችንን ሰላም ያድርግልን፤ በስደት ያሉትንም ይጠብቅልን። ወሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።