የዩኒቨርሲቲ ፈጠራ፣ የኩባንያ ፈቃድ፣ የሕሙማን ዕጣ

እ.ኤ.አ. በ2001 መጀመሪያ ድንበር የለሽ ሐኪሞች የተባለው የዕርዳታ ድርጅት አሜሪካ ለሚገኘው የል ዩኒቨርሲቲ አንድ ጥያቄ አቀረበ። ስታቩዲን የተባለውን የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት ርካሽ አቻ ደቡብ አፍሪካ አስገብቶ ለሕሙማን ቢያድል ዩኒቨርሲቲው እንደ ፓተንት ጥሰት ያየው እንደሆነ ማወቅ ፈልጎ ነበር። አምራቹን ትቶ ዩኒቨርሲቲውን የጠየቀው የፓተንቱ ባለቤት የል ስለነበረ ነው። የልም ብቸኛውን ፈቃድ ለመድኃኒት አምራቹ ብሪስቶል ማየርስ ስኩዊብ ስለሰጠ መወሰን የሚችለው ኩባንያው እንደሆነ መለሰ።

ይህ ምላሽ ዛሬም እልባት ያላገኘ ጥያቄ ይዞ መጣ። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ፣ ብዙ ጊዜም በሕዝብ ገንዘብ የተገኘ መድኃኒት ለማን እና በስንት እንደሚደርስ የሚወስነው ማን ነው?

የነገሩ ሥር እ.ኤ.አ. በ1980 የወጣው የአሜሪካ የቤይ ዶል ሕግ ነው። ከዚያ በፊት በፌዴራል መንግሥቱ ገንዘብ የተገኙ ፈጠራዎች በአብዛኛው የመንግሥት ንብረት ነበሩ። መንግሥት ከያዛቸው 28,000 ገደማ ፓተንቶች ውስጥ ለንግድ ፈቃድ የተሰጠባቸው 5 በመቶ አይሞሉም ነበር። ሴናተር በርች ቤይ እና ሴናተር ቦብ ዶል ያቀረቡት ሕግ ዩኒቨርሲቲዎች የፈጠራው ባለቤት እንዲሆኑ ፈቀደ። ገቢውን ለተመራማሪው እንዲያካፍሉ፣ ቀሪውን ለምርምርና ለትምህርት እንዲያውሉም አዘዘ። ፈጠራው በአግባቡ ለሕዝብ ካልቀረበ መንግሥት ጣልቃ ገብቶ ለሌላ አምራች ፈቃድ የማሰጠት ሥልጣን አለው። ይህ ሥልጣን ግን አንድም ጊዜ ሥራ ላይ አልዋለም። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሎስ አንጀለስ የተገኘው የፕሮስቴት ካንሰር መድኃኒት ዋጋው ከአቅም በላይ ነው ተብሎ የቀረበው አቤቱታም እ.ኤ.አ. በ2023 ውድቅ ሆኗል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ተመራማሪው ግኝቱን ለዩኒቨርሲቲው የቴክኖሎጂ ሽግግር ጽሕፈት ቤት ያሳውቃል። ጽሕፈት ቤቱ ፓተንት ያስመዘግብና ፈቃድ የሚገዛ ኩባንያ ይፈልጋል። ኩባንያው ሲፈርም ቅድሚያ ክፍያ፣ ሙከራው ደረጃ በደረጃ ሲሳካ ተጨማሪ ክፍያ፣ መድኃኒቱ ሲሸጥ ደግሞ ከሽያጩ ድርሻ ይከፍላል። በሰው ላይ የሚደረገው ሙከራ ዓመታት የሚፈጅና እጅግ ውድ በመሆኑ፣ ኩባንያዎች ገንዘባቸውን ከማፍሰሳቸው በፊት ተፎካካሪ የማይገባበት ብቸኛ ፈቃድ ይጠይቃሉ። ጥያቄያቸው መሠረት አለው። ችግሩ ያ ብቸኝነት የመላው ዓለምን ገበያ ያለ ልዩነት ሲሸፍን ነው።

የስታቩዲን ታሪክ ይህን ያሳያል። ውሁዱን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የሠሩት አሜሪካዊው ጄሮም ሆርዊትዝ ሲሆኑ ዓላማቸው ካንሰርን ማከም ነበር፤ አልሆነላቸውም። በ1980ዎቹ የየል ተመራማሪዎች ዊሊያም ፕሩሶፍ እና ታይ ሹን ሊን ኤችአይቪን እንደሚገታ ደረሱበት። ብሪስቶል ማየርስ እ.ኤ.አ. በ1988 ፈቃዱን ወሰደ፤ መድኃኒቱም በ1994 ጸድቆ ዜሪት በሚል ስም ለገበያ ቀረበ። ኤችአይቪ ብዙ ሕይወት በሚቀጥፍባቸው የአፍሪካ አገሮች ግን ዋጋው አልቀመስ አለ። የየል ተማሪዎች ተቃውሞ አነሡ። ፕሩሶፍ ራሳቸው መድኃኒቱ በርካሽ ወይም በነፃ እንዲዳረስ እንደሚፈልጉ በኒውዮርክ ታይምስ ጻፉ። ብሪስቶል ማየርስ ስኩዊብ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2001 በደቡብ አፍሪካ የፓተንት መብቱን እንደማያስከብር አስታወቀ፤ በአፍሪካ የሚሸጥበትንም ዋጋ በቀን ወደ 15 የአሜሪካ ሳንቲም አወረደ።

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2005 የፀረ ኤችአይቪ ሕክምናን በነፃ መስጠት ስትጀምር ስታቩዲን ከመጀመሪያ ደረጃ መድኃኒቶቿ አንዱ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት በኋላ በጎንዮሽ ጉዳቱ ምክንያት ቀስ በቀስ እንዲቀር መከረ፤ በተሻሉ መድኃኒቶችም ተተካ። እስከዚያው ግን ብዙዎችን ለተሻለው ዘመን አድርሷል።

ከዚያ ወዲህ አሠራሩ በከፊል ተለውጧል። የየሉ እንቅስቃሴ ዩኒቨርሲቲዎች ለድሆች አገሮች የሚያስቡ የፈቃድ ውሎችን እንዲጽፉ የሚወተውት ዓለም አቀፍ የተማሪዎች ማኅበር ወለደ። እ.ኤ.አ. በ2009 ሃርቫርድና የልን ጨምሮ በርካታ ዩኒቨርሲቲዎች የሕክምና ፈጠራዎቻቸው ለታዳጊ አገሮች እንዲዳረሱ የሚያግዙ መርሆዎችን ተቀበሉ። በሂዩስተን የሚገኙት የቤይለር ሕክምና ኮሌጅና የቴክሳስ የሕፃናት ሆስፒታል ተመራማሪዎች ደግሞ ኮርቤቫክስ የተባለውን የኮቪድ ክትባት ፓተንት ሳያወጡበት ለአምራቾች አካፍለዋል፤ ሕንድ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2021 ፈቀደችው። መርሆዎቹ ግን አስገዳጅ አይደሉም፤ ውሎቹም ብዙ ጊዜ ከሕዝብ ዓይን የተሰወሩ ናቸው።

ዩኒቨርሲቲ ሙሉ የመደራደር ኃይል ያለው ውሉን እስኪፈርም ብቻ ነው። በሀብታሞቹ አገሮች ብቸኛ መብት ይስጥ፤ በድሆቹ አገሮች ፓተንት እንዳይመዘገብ ወይም ሌሎች አምራቾች እንዲገቡ ግን በዚያው ወረቀት ላይ ያስጽፍ። መድኃኒት ኩባንያዎች ትርፋቸውን በአብዛኛው የሚያገኙት ከሀብታም አገሮች ስለሆነ የሚያጡት ጥቂት ነው። የእኛም ዩኒቨርሲቲዎችና የምርምር ተቋማት ከውጭ አጋሮች ጋር ሲዋዋሉ ይህን አንቀጽ መጠየቅ አለባቸው። የኢትዮጵያ ሕሙማን የተሳተፉበት ምርምር መድኃኒት ካስገኘ፣ መድኃኒቱ በሚችሉት ዋጋ እንዲደርሳቸው መጠየቅ ልመና ሳይሆን መብት ነው፤ መብትነቱ የሚጸናው ግን ከፊርማው በፊት ሲጻፍ ነው።