ጨረሩና ገመናው፦ ከኤርፖርቱ የመስታወት ሳጥን ጋር እንተዋወቅ

እናቴ ለጥየቃ መጥታ ወደ አዲስ አበባ ስትመለስ፣ እኔና እህቴም አብረናት ልንሄድ አንድ የአሜሪካ ኤርፖርት የፍተሻ ሰልፍ ላይ ቆመናል። እህቴ የስምንት ወር ልጇን አዝላለች። «ይሄ ነገር ልጄን አይጎዳብኝም?» ትለኛለች። እናቴ ደግሞ ነጠላዋን እየሰበሰበች «ልብስ አልፎ ያያል ይባላል፤ እውነት ነው?» አለችኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

የሚያስፈራቸው ሳጥን ከሰው ቁመት የሚበልጥ፣ ግድግዳው መስታወት የሆነ ነው። ወለሉ ላይ የእግር ቅርጽ ተስሏል። እዚያ ላይ ቆሞ፣ እጅን ከራስ በላይ አንስቶ፣ ጥቂት ሰከንድ ሳይነቃነቁ መቆየት ነው። ቋሚ ዘንጎች ዙሪያውን ይዞራሉ። የሚልኩት ራጅ አይደለም፤ ሚሊሜትር ሞገድ የሚባል፣ ከሬዲዮ ሞገድ ወገን የሆነ ነው። ልብስን ያልፍና ቆዳ ላይ ሲደርስ ይመለሳል። እንደ ራጅ ዘረመልን የመስበር አቅም የለውም፤ ጉልበቱም ኪሳችን ውስጥ ካለው ሞባይል እጅግ ያነሰ ነው።

ለእህቴ ግን ይህም አላስፈለጋት። እጁን አንስቶ ጸጥ ብሎ መቆም የማይችል ሕፃን ሳጥኑ ውስጥ አይገባም። ከጀርባዋ አውርዳ፣ አቅፋው በብረት መፈለጊያው በር አለፈች። በሩ የሚሠራው በመግነጢስ ኃይል ስለሆነ ጨረር የለውም። ራጁ ያለው የሻንጣው ማሽን ውስጥ ነው። ስለዚህ የሕፃን ጋሪ ያለው ሰው ከሆነ፣ ጋሪው ታጥፎ በዚያ ሲያልፍ ሕፃኑ ከውስጡ መውጣቱን ማየት የወላጅ ድርሻ ነው።

የእህቴ ስጋት ከመሬት ተነስቶ የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2009 የፈረንጆች ገና ዕለት፣ ከአምስተርዳም ወደ ዲትሮይት በሚበር አውሮፕላን ላይ አንድ ወጣት የውስጥ ሱሪው ውስጥ የደበቀውን ፈንጂ ሊያፈነዳ ሞከረ። እንዲህ ያለውን ፈንጂ የብረት መፈለጊያ በር አያገኘውም። ከዚያ በኋላ በአሜሪካ ኤርፖርቶች በብዛት ከገቡት ስካነሮች አንዱ ዓይነት በእርግጥም በራጅ የሚሠራ ነበር። በ2010 የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳን ፍራንሲስኮ ሳይንቲስቶች ስጋታቸውን ለዋይት ሐውስ በደብዳቤ አቀረቡ። የአውሮፓ ኅብረትም በ2011 የራጁን ዓይነት ከለከለ።

የጨረሩ መጠን ግን ያን ጊዜም ትንሽ ነበር፤ በአንድ ፍተሻ ከ0.1 ማይክሮሲቨርት በታች። አውሮፕላን ከፍታውን ይዞ ሲበር ከጠፈር የሚያገኘን ጨረር በሰዓት ከ2 እስከ 5 ማይክሮሲቨርት ይደርሳል። ፍተሻው የሁለት ደቂቃ ያህል በረራ ነው ማለት ነው። ከዋሽንግተን አዲስ አበባ ከ12 ሰዓት በላይ እንበራለን፤ የዚያ ሁሉ ድምር ደግሞ መሬት ላይ ሆነን በሳምንት ገደማ ከምናገኘው የተፈጥሮ ጨረር የተለየ አይደለም። እህቴን በዚህ በኩል ያለ ሐሳብ ተኚ ብያታለሁ።

የእናቴ ጥያቄ ይከብዳል። ሰዎች የፈሩት እውነት ነበር፤ የመጀመሪያዎቹ ስካነሮች የሰውነትን ቅርጽ እርቃኑን ያህል ያሳዩ ነበር። ምስሉ አይቀመጥም ቢባልም፣ ፍሎሪዳ ውስጥ ኦርላንዶ ባለ የፌዴራል ፍርድ ቤት በር ላይ የነበረ ስካነር ከ35,000 በላይ ምስሎች ማስቀመጡ በ2010 ታወቀ። ሰው ጮኸ፣ ክስ ተመሠረተ፣ ኮንግረስም ማሽኑ የማንንም ገላ የማያሳይ ሶፍትዌር እንዲኖረው አስገደደ። የራጁ ስካነር አምራች ይህን በጊዜው ማድረስ ስላልቻለ ማሽኖቹ በ2013 ከኤርፖርቶቹ ተነሱ። ያስወጣቸው ጨረሩ ሳይሆን የገመና ጥያቄ ነው፤ ይህን ሳስብ ዛሬም ደስ ይለኛል።

አሁን ስክሪኑ ላይ የሚታየው ለሁሉም አንድ የሆነ፣ ልጆች እንደሚስሉት ያለ የሰው ቅርጽ ነው። ማሽኑ የተጠራጠረው ቦታ ላይ ቢጫ ሳጥን ይወጣል። እዚህ ላይ ግን የእኛ ሴቶች አንድ ችግር አለባቸው፦ ወፍራምና የተጎነጎነ ጸጉር ማሽኑን ያሳስተዋል። እናቴም ሹሩባ ተሠርታ ነበርና ከስክሪኑ ቅርጽ ራስ ላይ ቢጫው በራ። ፈታሿ አንድ ቃል ሳትናገር፣ ሰው ሁሉ እያየ እጇን ወደ ጸጉሯ ሰደደች። እናቴ አንገቷን ሰበረች። ያን አንገት መስበር እስካሁን አልረሳሁትም።

ተሳፋሪ የእጅ ፍተሻው በተለየ ክፍል፣ ጾታው ከእሱ ጋር አንድ በሆነ ፈታሽ፣ የሚፈልገው ሰው አብሮት ሆኖ እንዲደረግለት የመጠየቅ መብት አለው። አብዛኛውን ጊዜም ሳጥኑን አልገባም ብሎ የእጅ ፍተሻ መምረጥ ይችላል። ይህን በእንግሊዝኛ ስነግራት ሴትየዋ እጇን መለሰችና ወደ ጎን ያለ ክፍል አሳየችን። እህቴ ልጁን ለእኔ ሰጥታኝ ተከትላቸው ገባች። ብዙም አልቆዩም። እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ ወጣችና፣ ልጁን ተቀብላኝ ጉንጩን ሳመችው። ከዚያ ወደ ፈታሿ ዞር ብላ «እግዜር ይስጥልኝ በያት» አለችኝ።