በስሜን ተራሮች ድንኳን ተክሎ ማደር

እኔ የመሸንቲ ሰው ነኝ። ባሕር ዳርንና ጎንደርን አልፌ ደባርቅ የምዘልቀው ሆቴል ፍለጋ አይደለም። አገርን ለማወቅ ደጋው ላይ ድንኳን ተክሎ እንደማደር ያለ ነገር የለም ብዬ አምናለሁ።

የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1978 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። በ1996 እ.ኤ.አ. አደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች ተርታ ገብቶ፣ በ2017 እ.ኤ.አ. ወጥቷል። ዋልያ በዱር የሚኖረው እዚህ ብቻ ነው።

ጉዞው የሚጀምረው ደባርቅ ካለው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ነው። መግቢያ ይከፈላል፤ መሣሪያ የያዘ ጠባቂ ይመደባል፤ አስጎብኚ፣ ምግብ አብሳይና በቅሎ ነጂ ከአካባቢው ይቀጠራል። የእንግዳው ገንዘብ ለገበሬው ቤት የሚደርሰው በዚህ መንገድ ነው።

ድንኳን የሚተከልባቸው ሳንቃበር፣ ግጭና ጨነቅ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ይበልጣሉ። የሌሊቱ ብርድ ብርቱ ነው፤ ጋቢ ብቻውን አይበቃም፣ ወፍራም የመኝታ ከረጢት ያሻል። ጠዋት ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ካደሩበት ገደል ወጥተው ሣር ሲነጩ ማየት ብርዱን ያስረሳል።

ድንኳን መሠረት አይቆፈርለትም፤ ሲነሣ ሣሩ ያገግማል። ለማገዶ የተቆረጠ የአስታ ዛፍ ግን በዚያ ከፍታ ቶሎ አይተካም። ስለዚህ ቡናችንን በቡታጋዝ እናፈላለን፤ ላስቲክና ጣሳውን ይዘን እንመለሳለን፤ ምንጭ ውስጥ በሳሙና አንታጠብም፤ ለጭላዳ ዳቦ አንወረውርም።

ብሔራዊ ቡድናችንን በዋልያ ስም እየጠራን ዋልያን ሳናይ አንቅር። የመንገዱን ሰላም ጠይቃችሁ፣ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ውጡ፤ ስትመለሱም ከእግራችሁ ዱካ በቀር ምንም አትተዉ።