የአንድ ሰዓት እንግዳ

ሮም ከተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ወጥቶ አደባባዩን የተሻገረ ሰው ቪያ ቮልቱርኖ የተባለውን መንገድ ለማግኘት አይደክምም። አደባባዩ «ፒያሳ ዴይ ቺንኩዌቼንቶ» ይባላል፤ የአምስት መቶዎቹ አደባባይ ማለት ነው። ስሙን ያገኘው በ1887 እ.ኤ.አ. ዶጋሊ ላይ በራስ አሉላ ጦር ካለቁት የኢጣሊያ ወታደሮች ነውና፣ የአገራችን ሰው በዚያ ሲያልፍ እግሩ ትንሽ ይዘገያል። እኔን ግን ወደዚህ ሰፈር የሚስበኝ ሌላ ነገር ነው። ቪያ ቮልቱርኖ ላይ በመንገዱ ስም የሚጠራ ሲኒማ ቤት ነበር፤ በዚያም ፊልሙ ከመጀመሩ በፊት ዘፋኝ፣ ቀልደኛና ተወዛዋዥ ተራ በተራ ወደ መድረክ ይወጡ ነበር። ጣሊያኖች ይህን «አቫንስፔታኮሎ» ይሉታል። ተመልካቹ ገንዘቡን የከፈለው ለፊልሙ ነው፤ መድረክ ላይ የቆመችው ተዋናይት በተሰጣት ጥቂት ደቂቃ ቀልቡን ካልያዘችው መብራቱ ይጠፋል፣ እሷም ትረሳለች።

ቴሌቪዥን ይህንኑ ሥራ ወርሶ «እንግዳ ተዋናይ» የሚል ስም ሰጠው። በተከታታይ ፊልም ውስጥ ዋናው ገጸ ባሕርይ በየሳምንቱ ያው ነው፤ አይሞትም፣ አያረጅም፣ ጠባዩም ብዙ አይለወጥም። ስለዚህ የሚያፈቅር፣ የሚከዳ፣ የሚጸጸት ሌላ ሰው ከውጭ መምጣት አለበት። ይህ ሰው የሚቆየው ለአንድ ክፍል ብቻ ነው። ማንነቱን ለማስረዳት ጊዜ የለውም፤ ከበር ሲገባ ታሪኩ ከነሙሉ ዕድሜው አብሮት መግባት አለበት። ለእኔ ከትወና ሥራዎች ሁሉ እጅግ ከባዱና ምስጋናው እጅግ ያነሰው ይህ ነው።

የአሜሪካው ኤቢሲ ጣቢያ ከጥር 1968 እስከ መጋቢት 1970 ያሳየው የስርቆት ተከታታይ ፊልም ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ርእሱ «ሌባን ለመያዝ ሌባ ያስፈልጋል» ከሚለው አባባል የተወሰደ ነው፤ እኛ «እሾህን በእሾህ» የምንለው ዓይነት። ሮበርት ዋግነር የሚጫወተው አሌክሳንደር ማንዲ ካዝና በመክፈት የተካነ፣ እስር ቤት የገባ ሌባ ነው። አንድ የመንግሥት የስለላ ድርጅት ከእስር አውጥቶ ለአገሩ እንዲሰርቅ ያደርገዋል። በሦስተኛው ዙር ከፊሉ ቀረጻ ወደ ኢጣሊያ ተዛወረ። «ሦስቱ የሮም ደናግል» በተባለው ክፍል ጀርመናዊቷ ካሪን ዶር በእንግድነት መጣች፤ ከሁለት ዓመት በፊት በጄምስ ቦንድ ፊልም ላይ የታየችው ናት። የማንዲን አባት የተጫወተው ደግሞ ሰባ ዓመት የሞላው ታላቁ ዳንሰኛ ፍሬድ አስቴር ነበር።

ከሁሉም እንግዶች ልቤን የነካችው ግን ቤቲ ዴቪስ ናት። በ1935 እና በ1938 በሠራቻቸው ፊልሞች ሁለት ጊዜ ኦስካር የተሸለመች፣ የስቱዲዮ አለቆችን ፊት ለፊት የተጋፈጠች ሴት ናት። ሆሊውድ ግን ዕድሜዋ ሲገፋ ፊቱን አዞረባት፤ በመስከረም 1962 በአንድ የሙያው ጋዜጣ ላይ «ሥራ ፈላጊ ነኝ» የሚል ማስታወቂያ እስከ ማውጣት ደረሰች። በዚያ ዘመን ለአንድ የፊልም ኮከብ በቴሌቪዥን እንግዳ መሆን እንደ ውርደት ይቆጠር ነበር። እሷ አላፈረችበትም። በካውቦይ ተከታታዮች ላይ ታየች። በ1963 የጠበቃው ፔሪ ሜሰን ተከታታይ ፊልም መሪ ተዋናይ ሬይመንድ በር ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ሲያገግም፣ በእሱ ቦታ የተከራከረችው ጠበቃ እሷ ነበረች፤ እንግዳዋ በባለቤቱ ወንበር ተቀመጠች ማለት ነው።

ጥር 26 ቀን 1970 ደግሞ ቤሲ ግሪንድል ሆና ወደ ዋግነር ሌባ ቤት ገባች። ስልሳ አንድ ዓመቷ ነበር። እንዲህ ባለ ሥራ ላይ ሳያት የምገረመው በችኮላዋ ማነስ ነው። ሰዓቱ እንደሚሮጥ ታውቃለች፤ ሲጋራ ስትለኩስ፣ ዐረፍተ ነገር መሃል ላይ ስትቆም ግን ጊዜው ሁሉ የሷ ይመስላል። ይህን ከየት እንዳመጣችው ለሚጠይቅ፣ ወደ ፊልም ከመሄዷ በፊት በቲያትር መድረክ የተገራች መሆኗን ማስታወስ ይበቃል። ሙያዋ ከቮልቱርኖ ተጫዋቾች ሙያ ጋር አንድ ነው፦ ሊያይሽ ያልመጣን ሰው ዓይኑን እንዳይነቅል ማድረግ።

ዋግነርም ይህን ልብ ብሎ ነበር። ተከታታዩ ካበቃ በኋላ «ማዳም ሲን» የተባለ የቴሌቪዥን ፊልም በስኮትላንድ አሠራ፤ በ1972 በዚያው በኤቢሲ ታየ። ራሱ ተዋናይም ፕሮዲዩሰርም ነበር። የርእሱን ሚና የያዘችው ግን ቤቲ ዴቪስ ናት።